የዋፍል ስልሳ ሰከንድ

እዚህ ሚኒሶታ፣ በሐይቃችን ዓመታዊ በዓል ላይ የውሾቹን ዝላይ ውድድር ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ስለወጣሁ ለማንም አታዳላም ይሉኛል፤ ቢሉኝም ባይሉኝም አላዳላም። ሕጉ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ወይም እሱ የወከለው ሰው ኳስ ወደ ውሃው ይወረውራል፣ ውሻው ሐይቁ ላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ሮጦ ይዘላል፣ የራቀው ያሸንፋል። ስሙ ከተጠራ በስልሳ ሰከንድ ውስጥ ያልዘለለ ከውድድሩ ወጥቷል።

ሃርላን ዘንድሮ በጋውን ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ውሻው «የኔ ዋፍል አይዘልም፣ ይበራል» ሲል ከርሟል። ውሻው ካልዘለለ፣ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ላዩ ላይ ተቀምጠን ዓሣ ስናጠምድ ክረምቱን ሙሉ መሳቂያችን እንደሚሆን እሱም እኛም እናውቃለን።

ያላወራው ነገር ግን ነበር። ዋፍልን መዝለል ያስተማረችው እህቱ ቤርዲ ናት። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሃርላን የአባታቸውን የጀልባ ማሰሪያ መድረክ ሳያማክራት አረንጓዴ ቀለም ስለቀባው ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል። ለቀለም! እሷም ተናዳ ከጎኑ የራሷን መድረክ አሠራች። ለውሻው ግን ስለ ኩርፊያው ማንም አልነገረውም። ጠዋት ጠዋት እሷ ጋ ሄዶ፣ ስትወረውርለት ይዘላል። ሃርላንም በመጋረጃ ቀዳዳ ያያል።

ስማቸውን ጠራሁና ሰዓቴን ተጫንኩ። ሃርላን ወረወረ። ኳሷ እግሩ ሥር ዱብ አለች። ዋፍል አሽትቷት ቁጭ አለ።

«ለራስህ ነው እንዴ የወረወርከው?» አለ የአምናው አሸናፊ ጎርዲ።

«ዝም በል አንተ! ንፋሱ ነው።»

«የቱ ንፋስ?»

ሃያ ሰከንድ። ዋፍል ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረና ጭራውን ይቆላ ጀመር። ቤርዲ ከፊት ቆማ የተጠበሰ ዓሣዋን ትበላለች። ሃርላን ውሻውን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ቤርዲ፣ እስቲ አንቺ ወርውሪለት።»

«ኧረ ተወኝ፣ እጄ ዘይት ነው።»

እኛ ሚኒሶታዎች አመላችን ነው፤ ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ ሦስቴ ካልተለመንን እሺ አንልም። ሃርላን ከኩርፊያው ብዛት ይህንን ረስቶ፣ አንዴ ብቻ ጠይቆ ተወው።

«ደግመህ ጠይቃታ፣ አንተ ግትር!» ጮኸ ጎርዲ። አርባ ሰከንድ።

«ቤርዲ፣ እባክሽ።»

«ሰው ሞልቶ የለ እንዴ? እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

ሃምሳ ሁለት። ሃርላን ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሳልጠይቅሽ መቀባቴ ልክ አልነበረም። ነይ በይ፣ እህቴ።»

ቤርዲ ሳህኗን ለጎርዲ አስታቅፋ ወጣች፣ እጇን በሃርላን ሸሚዝ ጠረገች፣ ኳሷን አንሥታ ወረወረች። ዋፍል ተወነጨፈ። ሃያ ሁለት ጫማ! የጎርዲን ውሻ በሦስት ጫማ በለጠው። ሕዝቡ አበደ፤ እኔም፣ አልደብቅም፣ እንባዬ መጣ።

«ስልሳ አራት ሰከንድ» አልኩ። «አይቆጠርም።»

«አራት ሰከንድ ብታልፊልኝ ምን ትሆኛለሽ?» አፈጠጠብኝ ሃርላን።

«እሷን ተዋት» አለችው ቤርዲ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ነበረህ።»

ዋፍል ከውሃው ወጥቶ መሃላቸው ተራገፈና ሁለቱንም አበሰበሳቸው።

«ራት እኔ ጋ ብዪ» አለ ሃርላን፣ መሬት መሬት እያየ።

«ኧረ አላስቸግርህም፣ ቤት ምግብ አለኝ።»

ሰዓቴን መልሼ ተጫንኩ። ሃርላን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግብዣ ሳይተነፍስ አከታተለው። እሺ ስትለው ሰዓቴ ዘጠኝ ሰከንድ ይላል። ማንም ባይጠይቀኝም ውጤት መዝገቡ ላይ ከዋፍል ስም ጎን ጻፍኩት።