«ተጎብኝቷል»

ትሕትና ስልኳን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ጉብታው ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ከዲምቱ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚህ ቀበሌ ኢንተርኔት የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው፤ እሱም ይመጣል ይጠፋል። ለአሥር ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። አሥር ሰዓት ሞልቶ ሪፖርት ያልላከ የግብርና ባለሙያ ስሙ በወረዳው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በቀይ ይወጣል። የእሷ ስም ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወጥቷል።

አራቱ የማሳ ፎቶዎች ተራ በተራ ሄዱላት። በየፎቶው ሥር ቅጹ ላይ «ተጎብኝቷል» የሚለውን ነካች። የመጨረሻው እንደሄደ «ተመስገን» ብላ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

ሥራ የጀመረች ሰሞን እንዲህ አልነበረም። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ማሳ ታያለች፣ ከገበሬው ጋር ተቀምጣ ታወራለች፣ ያየችውን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ቅጹና ግሩፑ ከመጡ ወዲህ ግን ስልኳ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሆዷ ይኮማተራል። ባለፈው እሑድ መዘምራኑ ቆመው እየዘመሩ ከወረዳው አስተባባሪ «ሪፖርቱ የት ደረሰ?» የሚል መልእክት ገብቶ፣ ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ስትመልስ እናቷ አይተው አንገታቸውን ደፉ። ሶዶ ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንሺ» ተብላለች። በርበሬ ከተወች ሦስት ወር ሆኗታል። ሕመሙ ግን አልተዋትም።

ስልኳ ጮኸ። የወረዳው አስተባባሪ አቶ ይልቃል ከአራቱ አንዱን ፎቶ መርጠው፣ «እጅግ ጥሩ! ሌሎቻችሁም ከትሕትና ተማሩ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ተደረደረ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሆነ።

ደስ አላትና የተመሰገነውን ፎቶ ከፈተችው። አቶ አንጁሎ ጉልበት በደረሰ በቆሏቸው መሐል እጃቸውን ግራና ቀኝ ለጥፈው እንደ ወታደር ቆመዋል። ፊታቸውን ለማየት ስታሰፋው ጣቷ ወደ ጎን አዳለጣትና ከክንዳቸው አጠገብ ያለው ቅጠል ስክሪኑን ሞላው። ቅጠሉ በመስመር በመስመር ተበሳስቷል። ቅጠሎቹ ከሚወጡበት ከበቆሎው እምብርት ላይ የረጠበ የእንጨት ብናኝ የሚመስል ነገር ተከምሯል።

ተምች ነው።

ሠላሳ ባለሙያ አጨብጭቦለታል። ያነሳችውም እሷው ናት። ስልኳን ኪሷ ከታ ወደ ሞተሯ ሮጠች።

ስትደርስ አንጁሎና ባለቤታቸው ብርሃኔ ማሳው ውስጥ አጎንብሰው፣ ትል እየለቀሙ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ።

«ሳሮ፣ ጋሽ አንጁሎ» ብላ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠቻቸውና ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው። «ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

አንጁሎ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። የቆጡ አይመስሉም።

«ልነግርሽ ነበር፣ ልጄ። ‹ቀጥ ብለው ይቁሙ› አልሽኝ፤ ቆምኩ። ‹አይናገሩ፣ ፎቶው ይበላሻል› አልሽኝ፤ ዝም አልኩ። ከዚያ ሞተርሽን አስነስተሽ ሄድሽ።»

«እኛማ ስልኩ ያየው መስሎን ነበር» አሉ ብርሃኔ። «አይቶ ወረዳ ይነግርልናል ብለን መድኃኒት ስንጠብቅ ዋልን።»

ትሕትና ተንበርክካ አንዱን እምብርት ፈለቀቀችው። ትሉ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ግንባሩ ላይ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት የተከፈለ ነጭ መስመር አለው፤ የተምች ምልክት ነው። እዚህ አሥር ተክል፣ እዚያ አሥር ተክል እያለች ማሳውን በአምስት ቦታ ቆጠረች። ከየአሥሩ አራቱ ተይዟል። በቶሎ ከተደረሰለት ይተርፋል፤ ሳምንት ከዘገየ ግን ሰባት ነፍስ የሚያድርበት ቤት የዓመት እህሉን ያጣል።

«የት በኩል ነው የጀመረው?»

«ከታች ነው የመጣው» አሉ አንጁሎ። «እታች ያለው የአሳየሽ ማሳ ከእኔም የባሰ ነው ይላሉ።»

የአሳየሽ ማሳ ፎቷቸውን ከላከቻቸው ከአራቱ አንዱ ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ፣ ከሞተሯ ሳትወርድ ነበር ያነሳችው።

ስልኳ ጠራ። እዚህ ኢንተርኔት ባይኖርም ጥሪ አልፎ አልፎ ይገባል። አቶ ይልቃል ናቸው፤ ድምፃቸው ሞቅ ብሏል።

«ትሕትና! ዞኑ ፎቶሽን ወዶታል። ማሳውን ሞዴል ሊያደርጉት ነው። አጠር ያለች ቪዲዮ ቀርጸሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪልኝ።»

«አቶ ይልቃል፣ ማሳው ተምች ገብቶበታል።»



«ሪፖርትሽ ላይ እኮ ተባይ የሚለው ባዶ ነው።»

«ሳልሞላው ነው የላክሁት።»

«እሺ... ሌሎቹ ሦስቱስ? እነሱ እንኳ ንጹሕ ናቸው፣ አይደል?»

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። ብርሃኔ ጣሳቸውን ይዘው ያዩዋታል።

«አላውቅም» አለች። «ፎቶ አነሳኋቸው እንጂ አላየኋቸውም።»

አቶ ይልቃል በረጅሙ ተነፈሱ።

«አሁን እኔ ለዞን ምን ልበል? ቁጥሩን ልኬዋለሁ እኮ! ስንት ግሩፕ እንደያዝኩ ታውቂያለሽ? ትናንት ልጄን ሐኪም ቤት ወስጄ፣ እሷ መርፌ ስትወጋ እኔ ሪፖርት እሰበስብ ነበር። ‹አባዬ እያየኸኝ ነው?› ስትለኝ ነው ቀና ያልኩት።»

ትሕትና ከእነዚያ መልእክቶች ጀርባ ያለው ሰውም ሆዱ ይኮማተር ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም።

«ሳታይ ነው የላከችው ይበሏቸው» አለች ቀስ ብላ። «እውነቱም ይኸው ነው።»

«ስምሽ በግምገማ ይነሳል።»

«አውቃለሁ።»

አቶ ይልቃል ቀጥሎ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «የመርጫ ዕቃ ስንት ላስልክልሽ?»

«ማሳዎቹን ሳላይ እንዴት እናገራለሁ? አይቼ ነገ ጠዋት እደውልልዎታለሁ።»

«እሺ» አሉ። «ደውዪልኝ። መጻፉን ተዪውና ደውዪልኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ቅጹን ከፈተች። የአንጁሎን ማሳ ሞላችው፤ ተባይ በሚለው ቦታ ተምች፣ ከየአሥሩ አራት ብላ ጻፈች። ከዚያ በሦስቱ ማሳዎች ላይ ያለውን «ተጎብኝቷል» አንድ በአንድ አንስታ «አልተጎበኘም» በሚለው ተካችው። ጣቷ የአሳየሽ ስም ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ፤ ቢሆንም ነካችው። ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ይሄዳል። ማን በቀይ እንደሚጽፋት፣ ማን እንደሚስቅባት እያሰበች ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ፀሐይዋ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቀራታል።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ወደ አሳየሽ ማሳ የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ?»

«አለ፤ ግን በሞተር አይኬድም። ሸለቆ ነው።»

«ግድ የለም» አለችና የሞተሯን ቁልፍ ነቅላ፣ እሳቸው ባሳዩዋት መንገድ ከፊታቸው መውረድ ጀመረች።