የዋሱ መያዣ

አበራሽን ከአያቶቿ ቤት ልወስዳት ዲክሲስ የደረስኩ ቀን መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጭንቅላቷ ላይ ነው። ከአሰላ ስትሄድ ሹሩባ ሠርቻት ነበር። አሁን ዙሪያዋን በምላጭ ተላጭታ መሐል አናቷ ላይ ትንሽ ቁንጮ ብቻ ቀርቶላታል። ከግራ ጆሮዋ በላይ ምላጩ ጭሯታል፤ ጭረቱ ቅርፊት ይዞ ቅርፊቱም መርገፍ ጀምሯል። ትናንት የተላጨች አይደለችም ማለት ነው፤ ገና እንደመጣች ነው የላጯት። ነርስ ስለሆንኩ መጀመሪያ የመጣልኝ ቅማል ነው። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከማጅራቷ ሥር ፈለግሁ። ንጹሕ ነው።

«አበራሽ፣ ማን ላጨሽ?»

አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትጠራ ሮጣ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ቀና ብላ አያቷን አየች።

«አበራሽ፣ አንቺን እኮ ነው።»

«ስሜ ምትኬ ነው» አለች።

አማቴ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሳቁ። «እኔ ነኝ ያወጣሁላት። አያት ስም አታውጣ የሚል አዋጅ ወጣ እንዴ አሰላ?»

እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ስላልገባኝ ነው።

የመጣነው ለስንብት ነበር። ባለቤቴ አስናቀ አንበጣ የሚከታተል የእርሻ ሠራተኛ ነው። አንበጣው ቆላውን ወርሮ፣ ዴራ አካባቢ ማሽላውን አገዳ ብቻ ባስቀረበት ዓመት፣ እንቁላል የተጣለበትን አፈር እየፈለገ፣ ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ በመድኃኒት የሚያስፈጀው እሱ ነበር። ሥራውን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ካርቱም ባለው የአንበጣ መከላከያ ቢሮ ቀጠሩት፤ ቤት ይሰጡታል፣ የቤተሰቡንም መሳፈሪያ ይችላሉ። ከእሱ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነኝ። ደሴ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ አሰላ የመጣሁት ተመድቤ ነው፤ በራሴ ምርጫ አንድም ቦታ ሄጄ አላውቅም። የክሊኒኩን ሥራ ለቀቅሁ። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ለጎረቤታችን ለዙቤዳ ሸጥን። መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ መተኛት ጀመርን።

የቀረን ዋስ ነበር። ከአገር የሚወጣ ሰው ንብረት ያለው ዋስ ይጠራል፤ ሰውየው ሄዶ ቢቀር የሚጠየቀው ዋሱ ነው። የአስናቀ አባት ግራዝማች ወልደአማኑኤል ዲክሲስ ላይ ሰፊ መሬት አላቸው። ሰኞ አሰላ መጥተው ሊፈርሙ እሺ ብለዋል ተባልኩ። ወረቀታችን ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ካልተላከ ደግሞ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። አስናቀ ከሁለት ሳምንት በፊት አበራሽን ይዞ ቀድሞ ሄደ። እኔ ዕቃውን ጠቅልዬ ስጨርስ፣ ጡት ያልጣለውን ደመቀን አዝዬ ቅዳሜ ጠዋት በእህል መኪና ተከተልኩ።

ደመቀን ላስተኛ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከአማቴ መደብ አጠገብ ሌላ ትንሽ መደብ ተሠርቷል። በእጄ ነካሁት፤ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ርዝመቱ ለአዋቂ አይበቃም። ላዩ ላይ አዲስ የበግ ለምድ ተነጥፎበታል። ነገ ተነገ ወዲያ ለሚሄድ እንግዳ መደብ የሚሠራ ሰው የለም።

የቤቱን ሥራ የምትሠራው ኢፍቱ እንስራ ተሸክማ ገባች።

«ኢፍቱ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የልጅቷ ነዋ።»

«እሷ ከእኛ ጋር ትሄድ የለ?»

እንስራውን አወረደች። «ያ ረቢ! እትዬ፣ አልነገሩሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ልትወጣ ስትል በሩን ይዤ ቆምኩ። ወደ ውጭ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከኢፍቱ ሰማሁ እንዳትይ። ጌቶች ለልጃቸው ይፈርማሉ፣ ልጅቷ እዚህ ትቀራለች። እንዲህ ነው የተባለው። አባቷም እሺ አለ። እኔ አንቺም እሺ ያልሽ መስሎኝ፣ ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት እያልኩ ስረግምሽ ነበር የከረምኩት።»

አስናቀ አውድማ ላይ ነበር። ገብሱን በመንሽ ወደ ላይ ይበትናል፤ ነፋሱ ገለባውን እየነጠለ ይወስዳል። ስመጣ አይቶ መበተኑን አላቆመም። ሌላ ጊዜ ደመቀ ደህና ገባ ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ አይቀርም። ያኔ ነው የኢፍቱ ወሬ እውነት መሆኑን ያረጋገጥኩት።

«አበራሽን በምን ለወጥካት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ካርቱም ገብተን ሻንጣ ስንፈታ? ‹ኧረ አንድ ልጅ ረስተናል› ልትለኝ?»

መንሹን መሬት ላይ ተከለው። «ሁለት ዓመት ነው፣ የውብዳር። ምን ይጎድልባታል? ወተቱ፣ ቅቤው እዚህ ነው። አባባ ካልፈረመ ማንም አይሄድም። እኔ ሌላ መሬት ያለው ዘመድ የለኝም፤ አንቺም በዚህ አገር ዘመድ የለሽም።»

«ስለዚህ ልጄ መያዣ ሆነች።»

«መያዣ አትበይ። አያቶቿ እኮ ናቸው። እኔስ ያደግሁት አያቴ ጋ አይደል? ምን ሆንኩ?»

«እናትህን ምን ብለህ ነው የምትጠራት?»

መንሹን እንደገና ነቀለ። አማቴን «ወለቴ» ነው የሚላቸው። «እማዬ» የሚለው የሞቱትን አያቱን ነው። ከተጋባን ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ቁልምጫ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እየሰማሁ አንድ ቀን ለምን ብዬ አለመጠየቄ ራሴንም አናደደኝ።

«መልስልኝ እንጂ።»

«ምሳ ደርሷል» አለ።

ግራዝማች እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። መጮህ አልፈለግሁም። የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንደምቆመው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባባ፣ አበራሽ ትቀራለች ሲባል ሰማሁ።»

ልጃቸውን አዩት። «አልነገርካትም? ከሚስትህ ጋር ተማከር አላልኩህም?»

አስናቀ መሬት መሬት አየ።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉኝ፤ «ክፋት አይደለም። የሄደ ሰው የሚመለሰው የሚጠብቀው ሲኖር ነው። ሁላችሁም ጠቅልላችሁ ከሄዳችሁ ምን ሊመልሳችሁ ነው? በስተርጅና ዳኛ ፊት ልቁም? መሬቴ ይሂድ?»

«እንመለሳለን።»

«ሁሉም እንመለሳለን ብሎ ነው የሚሄደው።»

«የወርቅ ሀብሌን ይያዙ። ሌላ የፈለጉትን ይያዙ። ልጅ አይያዝም።»

«የሚያዘውማ የሚያሳሳው ነው» አሉ። በቁጣ አይደለም፤ ስለ በሬ ዋጋ እንደሚነጋገር ሰው ረጋ ብለው ነው። ከስድብ ይልቅ ያ እርጋታቸው አቃጠለኝ።

አማቴ ከጓዳ ወጡ። አበራሽ ነጠላቸውን ጨብጣለች።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! መርፌ ስለጨበጥሽ እናትነትን አንቺ የጀመርሽው መሰለሽ?»

«እማማ፣ እኔ ልጄን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔም ልጅ ነበረኝ! ይሄ!» በአገጫቸው አስናቀን አመለከቱ። «ጡት አስጥለው ወሰዱብኝ። የበኩር ልጅ የአያት ነው አሉ አማቴ። ማን ጠየቀኝ? ማንም! አጥር ለአጥር እያየሁት እሳቸውን እማዬ እያለ አደገ። እኔን ወለቴ! እንደ ገረድ በስሜ! ሲያመው እንኳ እኔን አልጠራም። አለቀስኩ? አላለቀስኩም። ቀን አለ ብዬ ቻልኩ። ቀኑ ይኸው መጣ። ተራዬ ነው!»

ግራዝማች እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ ቀሩ። አስናቀ አፉን ከፍቶ እናቱን ያያቸዋል፤ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ያስታውቃል። ሌላ ቀን ቢሆን አዝንላቸው ነበር። ያን ቀን አላዘንኩም። ሕመሙ የት የት እንደሚወጋ አንድ በአንድ ያውቁታል። እያወቁት ለእኔ አቆዩልኝ። ደሜን ያፈላው እሱ ነው።

«ያንቺን የወሰዱብሽ አማትሽ ናቸው» አልኩ። አንቺ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ አላረምኩትም። «ከእሳቸው ተቀበይ። መቃብራቸው ሩቅ አይደለም።»

«ኧረ ተይ!» አለ አስናቀ።

«አንተ ዝም በል! ዝም ማለት ታውቅ የለ?»

ግራዝማች ፎጣውን ወረወሩት። «በቤቴ እንዲህ ከተባለ ዋስነቱም ቀረ።»

«ይቅር!»

ደመቀን አዘልኩና አበራሽን በእጇ ሳብኳት። ጮኸች። «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ የጠራችው ግን እኔን አይደለም። ይህን በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው ያስተማሯት። አስናቀ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ኢፍቱ ማንም ሳያዛት የምታለቅሰውን ልጅ አዝላ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ።

«እኔን ነገ ያባርሩኛል» አለች አበራሽን ጭነቱ ላይ ስታወጣልኝ። «ግን ደግ አደረግሽ።»

እሑድ ዙቤዳ ሱቅ ሄድኩ። ባሏ አሰላ ላይ በቆርቆሮ የተከደኑ ቤቶች አሉት፤ እሱ ዋስ ይሆነን እንደሆነ ጠየቅኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

ራሷን ያዘች። «አንቺ ሴት! ባለፈው ሳምንት ብትነግሪኝ እኮ ጎትቼ አስፈርመው ነበር። አሁን እህል ሊገዛ አርቦዬ ወርዷል፤ ከዓርብ በፊት አይመለስም።»

«ባለፈው ሳምንት አላውቅም ነበር።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ያውቅ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት፣ አስናቀ እሑድን ሲለምናቸው ውሎ ነው መሰለኝ፣ እሱና አባቱ አሰላ ገቡ። እኔ ጋ ግን አልመጡም፤ ጽሕፈት ቤት ድረሺ ብለው ሰው ላኩብኝ። ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ግራዝማች ካፖርታቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አልተነሡልኝም፣ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ዋስ የሚሆኑት ለማን ለማን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ለልጄ። ለእሱ ብቻ። ሚስቱና ልጆቹ እዚሁ ይቀመጣሉ።»

አንዷን አልሰጥም ስላልኩ ሦስታችንም ተያዝን። አስናቀን አየሁት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቀድሜ ልሂድና ከዚያ ሆኜ አስመጣችኋለሁ» አለኝ።

«በማን ዋስ?»

ወደ ጸሐፊው ዞረ።

ጸሐፊው ፎቶግራፍ ጠየቀ። ለፓስፖርቱ የተነሣነው አራታችንም አንድ ላይ ነው። «የብቻህ የለህም?» «የለኝም።» «ግድ የለም» ብሎ ከመሳቢያው መቀስ አወጣ። ፎቶው ላይ አበራሽ የአባቷን ክንድ በሁለት እጇ ይዛለች። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ መቀሱን በየት በኩል እንደሚያስገባ ፈለገ፤ ከላይ ሞከረ፣ ከጎን ሞከረ። ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ነበር።

«ጣቶቿ ትንሽ ይቆረጣሉ» አለ፤ «አያስታውቅም።»

አስናቀ ፎቶውን ከእጁ ነጠቀው።

«ምን ሆንክ?» አሉ ግራዝማች።

«አይቆረጥም።»

«ሌላ ተነሣ እንግዲያ፤ ፎቶ አንሺው እንደሆን እዚሁ ነው…»

«አልሄድም አባባ። እርስዎም ቤትዎ ይግቡ።» «ለወለቴም ይንገሯት። የእኔን ዕዳ ልጄ አትከፍልም።»

ግራዝማች ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ከዘራቸውን አነሡ። እየተመረኮዙ ወጡ።

እኛም ወጣን። አበራሽ በመካከላችን ናት፤ የማንንም እጅ አልያዘችም።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለኝ። ቁጣው ወደ እኔ ዞሯል።

«አላለኝም።»

«ሌላ ምን ላድርግ? አልሄድም አልኩ እኮ!»

«መጀመሪያ የጠየቁህ ቀን ነበር የምትለው። የዙቤዳ ባል ያኔ አሰላ ነበር። ይፈርምልን ነበር። አራታችንም እንሄድ ነበር። ለልጅህ ሳትሳሳ ለምስሏ ሳሳህ!»

ፊቱ ጠቆረ። ላጽናናው አልሞከርኩም። ደመቀን ከጀርባዬ አውርጄ አሳቀፍኩት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ክሊኒክ። ሥራዬን መልሱልኝ ብዬ ልለምን። አበራሽ ቁርስ አልበላችም፤ ይዘሃቸው ቤት ግባ።»

«አብሬሽ ልምጣ? እኔ ላስረዳቸው።»

«አንተ?» አልኩት። «አንተ ምን ልትል?»

መልሱን ሳልጠብቅ ዳገቱን ወጣሁ።