ቀይቱ እንግድነት ሄደች

"ያዥልኝ፣ ዲንቄ! እግሯን አይደለም፣ ክንፏን ሰብሰብ አድርገሽ!"

ጋሼ አምባዬ ቀይቱን በአጥሩ ላይ ለጎረቤታቸው አሻገሯት። ቀይቱ ከአምስቱ ዶሮዎቻቸው በጣም የሚሳሱላት ናት። ከመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ መቱ ውስጥ የእሳቸው ሰፈር ሰው ስለ ዶሮ የሚያማክረው እሳቸውን ነው፤ ይህ ክብር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከጡረታ አበሉ የበለጠ ደስ ያሰኛቸዋል።

አሁን ግን ቀይቱ እንቁላል መጣል ካቆመች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ከጎጆዋ አልወጣም ብላለች። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩአየሁ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስለደረሰ ሽንኩርቱን ገዝተው ጨርሰዋል። "እስከ ቅዳሜ ካልጣለች ድስት ትገባለች" ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ጋሼ አምባዬ "መታቀፍ አሰኝቷት ነው" ብለው ፈረዱ። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ወስዶ ማሰንበት። ቤት ሲለወጥባት መታቀፉን ትረሳዋለች።

ዲንቄ የዶሮዋን ሆድ ዳበስ ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ይቺ መታቀፍ አላሰኛትም። እንቁላሉ አልወጣ ብሏት ነው።"

"ምን ትያለሽ አንቺ! ስንት ዶሮ ያስታቀፍኩ ሰው ነኝ እኮ!"

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ይምጡና ይዩዋት። የምትታቀፍ ዶሮ ሲነኳት ተነፋፍታ ትናከሳለች። ይቺ ጅራቷን ጥላ ታምጣለች። ሁሩሙ፣ እናቴ ቤት፣ ስንቷን አይቻለሁ።"

ጋሼ አምባዬ በበሩ ዞረው ገቡና ነኳት። ከጅራቷ በታች ጠጠር ያለ ነገር አለ። ደነገጡ። ምስኪኗ ሦስት ቀን ሙሉ ስታምጥ፣ እሳቸው ቀዝቃዛ ውሃ እየረጩ ከጎጆዋ ሲያባርሯት ነበር። በጣም አፈሩ።

"ጫን ጫን ባደርገውስ?"

"ኧረ እንዳይነኩት! ውስጧ ከተሰበረ ትሞታለች። ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሻላት።"

የእትዬ ጥሩአየሁ የልብስ ሳፋ መጣ። ጋሼ አምባዬ ቀይቱን እስከ ሆዷ ነከሯት፤ ዲንቄ መውጫዋን በዘይት አሸችላት። ዶሮዋ መጀመሪያ ተንፈራገጠች፤ ሙቀቱ ሲስማማት ግን ዓይኗን ጨፍና አንገቷን በክንዳቸው ላይ ጣል አደረገች።

"እኔን እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አጥበውኝ አያውቁም" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ በአጥሩ በኩል።

አድርቀው ጭር ያለ ጓዳ ውስጥ ካርቶን ላይ አስቀመጧት። ጋሼ አምባዬ በሩ ላይ ቆመው ለሴት ልጃቸው ምጥ እንኳ ያልጸለዩትን ጸሎት ጸለዩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቀይቱ ጮኸች። እንቁላሉ ወጥቷል።

"ቅርፊቱ ስስ ነው" አለች ዲንቄ አገላብጣ እያየችው። "ቅርፊት አድርቀው ይፍጩና ከመኖዋ ጋር ይስጧት።"

"እንግዲህ እኔ ሌላ ዶሮ ልፈልግ" አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ እያጉረመረሙ።

ይኼኔ የሰፈሩ ብረት በያጅ አራርሳ ዶሮ በብብቱ ይዞ ከች አለ። በዶሮዋ አፍንጫ ላባ ተሰክቷል።

"ቤትዎ ሄጄ አጣሁዎት፣ ጋሼ። እንደመከሩኝ መታቀፏን እንድትተው ላባውን ሰካሁላት፤ አሁንም አልጣለችም። ግን ምነው፣ እንዲህ የራሱት?"

ዲንቄ ሳቋን ዋጥ አደረገች። እንደማታጋልጣቸው ያውቃሉ። "ዶሮዬን ለክርስትናው እያጠብኳት ነበር" ቢሉ አራርሳ ያምናቸዋል፤ ነገ ደግሞ ግማሹ ሰፈር ዶሮውን ሲያጥብ ይውላል። የአራርሳን ዶሮ አዩዋት። ጅራቷን ጥላለች።

"ላባውን ንቀልላት" አሉ። "እኔ የራሴንም ልገድላት ነበር። ለዲንቄ አሳያት፤ የምታውቀው እሷ ናት።"

ሳፋውን አንስተው ውሃ ሊያሞቁ ሄዱ።