ቀስበል ደረቱን ሲይዝ

«ኧረ ይህን መኪና ከበሩ ላይ አንሱልን! ወንበር የጫነው ሰውዬ ውጭ ቆሞ ቀረ እኮ!» አለች የሟቹ አክስት፣ ከለቀስተኛው መካከል ብድግ ብላ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሁድ። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ያዝናል። በሩ ላይ የተገተረችው ቀይዋ መኪና የሟቹ ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ገብተው ሲቀመጡባት አስፋልቱ መቀመጫን የሚያክክ የሚመስል የውድድር መኪና። ሊነካት የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ሰፈሩ «ጥላሸት» ይለዋል። ማርሚታ ሠሪ ነው። የመኪና ጭስ ማውጫ ሲቆርጥና ሲበይድ ሃያ አምስት ዓመት ኖሯል፤ ፊቱን በሳሙና ቢፈትጉት የሚጠቁረው ሳሙናው ነው። ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ እንደ ጠገበች ድመት ኩርር አለች። «ተመስገን፣ ዛሬ እንኳ አታዋርጂኝ» አላት በሆዱ፣ ወደ ኋላ እየነዳ።

በዚያች ደቂቃ ውስጥ፣ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ገባ። በር ሲያልፍ በሩ ትንፋሹን የሚይዝለት ግዙፍ ሰው ነው። «ወይኔ ጓደኛዬን!» እያለ የሟቹን ሚስት እቅፍ አደረጋት።

መኪናዋ ጮኸች!

ጩኸት ብቻ ብሎ ማለፍ ያስተዛዝባል። ሻይ ተደፋ። ጣሪያው ላይ የነበሩ እርግቦች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ጆሮአቸው ከተደፈነ አሥር ዓመት ያለፋቸው ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት «አቤት! ማነው የጠራኝ?» ብለው ተነሡ።

ሰው ሁሉ በመስኮት ጥላሸትን አየው። አክስትም ሦስት ቤት ተሻግሮ በሚሰማ ሹክሹክታዋ «ልቡን ያፈረጠው ይሄ ነው» አለች። «ልጄን የገደለው የዚህ ልጅ ማርሚታ ነው።»

ሐኪሙ ልቡ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የታመመ መሆኑንና ተኝቶ ሳለ ዝም ብሎ እንደቆመ ተናግሯል። ጥላሸት ግን ሐኪሙ ያላየውን አይቷል። መኪናዋ በጮኸች ቁጥር ወንድሙ ደረቱን ይይዝ ነበር።

ሟቹ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ «ቀስ በል!» ሲል ስለኖረ ስሙም ቀስበል ሆኖ ቀረ። የቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦም ቀስ በል ይላል ይባል ነበር። እሱ ራሱ ደግሞ ወሬ ሲያሳምር አይጣል ነው። አንድ ቀን ቀንድ አውጣ ደርባው እንዳለፈች፣ ስታልፍም እጇን እንዳወዛወዘችለት ምሎ ይናገራል። «ቀንድ አውጣ እጅ የላትም» ሲሉት፣ «እኔም የገረመኝ እሱ ነው» ይላል።

ጥላሸት በወጣትነቱ አንድ ጉድ ሠርቶት ነበር። በማስተማሪያዋ መኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ ፊሽካ በየደበት። አንድ ወር ሙሉ ቀስበል ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ከኋላ ፊሽካ ይነፋል፤ ትራፊክ አስቆመኝ ብሎ ዳር ይይዛል፤ ወርዶ ሲያይ የሚያስቆመው ሰው የለም። ያወቀ ዕለት አልተቆጣም። ጣቱን ቀስሮ «ቆይ ብቻ» አለ። ሃያ ዓመት አለፈው።

ጡረታ ሲወጣ ቀይዋን መኪና ገዛ። ታናሽ ወንድሙ ዘንድ አምጥቶ «ድምፅ ስጣት» አለው። «ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ። ሚስቴ ጋ ስደርስ ግን ድምፅ አይኑራት።»

ለዚህ ዘዴ አለ። ጥላሸት የፋብሪካውን ማርሚታ አውጥቶ በውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ያለው፣ ቫልቭ የሚባል ነገር የተገጠመለት ሌላ አስገባ። ሞተሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ሲስብ ቫልቩ ይዘጋል፣ ድምፁ ይታፈናል። አየሩ ሲለቀቅ ውስጡ ያለው ሞላ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ቫልቩ ይከፈታል፣ መኪናዋ ታገሳለች። ትእዛዙ በሪሞት ነው፤ አንዴ ሲጫኑት ይከፍታል፣ ደግሞ ሲጫኑት ይዘጋል። ሁለት ሪሞት አብሮት ይመጣል፤ ቀስበል አንዱን በማግስቱ ጣልኩት ብሎ ሌላውን መሪው ሥር አንጠለጠለው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነገር ተበላሸ። መንገድ ላይ፣ መብራት ላይ፣ ሰርገኛ አጠገብ፣ ማንም ሳያዛት ትጮሃለች። ጥላሸት ለሙከራ ሲነዳ ወንድሙ ጎኑ ይቀመጣል። መኪናዋ ስትጮህ ቀስበል እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ደረቱን ይይዛል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። «ጋሼ፣ አመመህ?» ሲለው አንገቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሐሙስ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከሩ። ጮኸች። ቀስበል ደረቱን እንደያዘ ወረደ። «አንተ ልጅ፣ እጅህ የነካው ነገር አንድ ቀን ይገድለኛል» አለና ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፉ አልነቃም።

በአራተኛው ቀን ጥላሸት ለቅሶ ቤት ክሪክ ይዞ መጣ። መኪናዋን አንሥቶ ሥሯ ገባ። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ነበር። ሲገጥም ቸኩሎ፣ የጎማ ቱቦውን ከጋለው ብረት በጣም አስጠግቶ አሳልፎታል። እዚያ ጋ ከቀለጠ አየር ያስገባል፣ ቫልቩም በገዛ እጁ ይከፈታል። ያኔ አክስት እውነቷን ነው ማለት ነው።

ቱቦውን ጣት በጣት ዳበሰው። አልቀለጠም። ጫፉን ነቅሎ በአፉ ሳበው፤ ቫልቩ ዝግት አለ። ቀዳዳውን በምላሱ ደፍኖ ቆየ፤ አልተከፈተም። ለቀቀው፤ ሞላው ጥርቅ አድርጎ ከፈተው። ሽቦውን መረመረ፣ ደህና ነው። ቫልቩን ጥቀርሻ አልደፈነውም፣ ዝገት የለም።

ሁሉም ደህና ሲሆንበት ይብስ ጨነቀው።

«አንተ ጥላሸት፣ ና ሻይ ጠጣ» አለች የሟቹ ሚስት ጎንበስ ብላ። በሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚከፈት በረደኝ እያለች ከዓርብ ጀምሮ የባሏን ቡናማ ኮት ከላይዋ አላወለቀችም። «ሰው እኮ መኪናዋ ነች የሞተችበት እያለ ነው።»

«እትዬ፣ ልወቀው። እኔ ከሆንኩ ልወቀው።»

እሷም ሻይውን ጎማው አጠገብ አስቀምጣለት ገባች።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩን አስነሥቶ ግቢው ውስጥ ባልዲ ደፍቶ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ጸጥ። አዲስ ለቀስተኛ ገባ፣ ለቅሶው ተነሣ፣ መኪናዋ ጮኸች። ቆየና ጸጥ አለች። ሌሎች ገቡ፤ ጮኸች። እስከ ቀትር ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ መኪናዋ ለጌታዋ እያለቀሰች ነው። ከሰዓት በኋላ ሟቹን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች «ነፍስ ይማር፣ የታለች?» እያሉ መጡ። አንድ ልብስ ሰፊ ከፊት መብራቷ እንባ ሲወርድ አየሁ ብሎ ማለ። ጠዋት ያጠባት ጥላሸት ነበር።

ጥላሸት ግን ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ዳቦ ጋጋሪው ዳግም መጣ። ሚስትየዋን አቀፋት፤ ጮኸች። አክስት ለቀስተኛ ተቀብላ ስታለቅስ፤ ያው ጩኸቷ። ሁለት ሴቶች ሚስትየዋን ጥብቅ አድርገው ያዟት፤ ጸጥ አለች።

ብድግ አለ። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ግራሶ በነካ እጁ ሳሎን ገባ።

«እትዬ፣ እስቲ ተነሺልኝ።»

ተነሣች። እቅፍ አድርጎ ጭምቅ አደረጋት። ውጭ መኪናዋ ጮኸች። ለቀቃትና ደግሞ ጨመቃት። ጸጥ አለች።

«ምን ነካው ይሄ ልጅ!» አለች አክስት።

«እትዬ፣ የውስጥ ኪሱን እይልኝ።»

«አልነካሁትም እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ኪሱን ልፈትሽ ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

ቢሆንም እጇን ከተተች። መነጽር አወጣች። መሐረብ አወጣች። ጫፉን ያኘከው እስክሪብቶ አወጣች። ቀጥሎ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሪሞት መዳፏ ላይ ተቀመጠች።

«ይቺ ጠፋች ያላት ናት» አለ ጥላሸት።

እጁ ኮት ውስጥ፤ የተጨማደደው ፊት፤ ያቀረረው ዓይን፤ ወደ መስኮት የዞረው አንገት። ልቡን አልነበረም የያዘው። ሳቁን ነበር የያዘው።

ሚስትየዋ ሪሞቷን እያገላበጠች ቆየች። «ማታ ማታ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር እኮ» አለች። «ሐሙስ ማታማ አላስተኛኝም። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ‹እሁድ ምሳ ጥላሸትን ጥሪልኝ፤ ታያለሽ፣ ሃያ ዓመት የጠበቅኳት ናት› አለኝ። ተጣልታችሁ ልትታረቁ መስሎኝ…»

«ፊሽካው!» አለ ጥላሸት። «የፊሽካውን ነው የመለሰልኝ!»

መጀመሪያ እንደ ስርቅታ ያለ ነገር ያዘው። ቀጥሎ ሳቁ ሲመጣ ከቆመበት አጥፎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ሚስትየዋ አፏን በኮቱ እጅጌ ይዛ ተከተለችው። ምክንያቱን ያልሰሙት ጥጉ ላይ ያሉት አዛውንት ሳይቀሩ ሳቁ። ከአምስት ቀን ወዲህ ጥላሸት ትንፋሹን እስከ ሆዱ ድረስ የሳበው ያን ጊዜ ነው።

«ውሸታም!» አለች አክስት እንባዋን እየጠረገች። «እዚያም ሄዶ አያርፍ!» ይቅርታ ማለት አልለመደባትም። ተነሥታ ለጥላሸት ሻይ ቀዳች፣ ስኳር አራት ማንኪያ ጨመረችበት፣ ራሷ አማሰለችለት።

ወንበሮቹ በተመለሱበት ቀን ሚስትየዋ ቁልፉን ሰጠችው። «ውሰዳት። እሁድ እሁድ እያመጣህ አሳየኝ።»

ጥላሸት ቀይዋን መኪና አስነሥቶ ቀስ እያለ ከግቢው ወጣ። ድምፅ የላትም። ጥቂት ነድቶ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሚስትየዋ ቡናማውን ኮት እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች። እጇን ኮቱ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ተጨማደደ።

መኪናዋ ጮኸች።

ጥላሸት ፍሬን ያዘ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።