ሬዲዮ ያላነበበው ምዕራፍ

ሰው አፉን ሲለጉም ወይ ታሞ ነው፣ ወይ አዝኖ ነው። የመነጽር ቤቱ ሰውዬ ግን አልታመመም፣ አላዘነምም። ልብወለድ ጀምሮ ነው! "ልብወለድ ጀምሮልኛል እኮ!" ትላለች ታላቅ እህቱ ለሰማ ላልሰማው። "ዕድሜ ልኩን ጆሮዬን ሲበጣው የኖረ ሰውዬ፣ አሁን ከስንት አንዴ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። እሷንም ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ!"

ሰፈሩ "ሬዲዮ" ነው የሚለው። መነጽር ሊያሠራ የገባ ሁሉ፣ ሌንሱ ተሞርዶ እስኪያልቅ የኳሱን ውጤት፣ የጎረቤቱን ጠብና የማን ልጅ ማንን እንዳጨ ሰምቶ ነው የሚወጣው። አንዳንዱማ መነጽሩ ሳይሰበር ይመጣል። እህቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ፍሬም ታስመርጣለች፤ እሱ ከጓዳ በኩል መሞረጃው ላይ አጎንብሶ ይለፈልፋል። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ እሱን መስደብ፣ እንደ እሷ አነጋገር፣ ማንም የማይነጥቃት መብቷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥርስ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ጉንጩ አብጦ፣ መንጋጋው እየጠዘጠዘው ሥራ ገባ። በዚያው ቀን አንዲት ፈረንጅ የተሰበረ መነጽሯን ይዛ መጣች። ተመራማሪ ነኝ ብላለች። የምትመራመረው ደግሞ፣ ፈረንጅ የሰው አገር ይገዛ በነበረበት ዘመን የተጻፉ የእንግሊዝ ልብወለዶችን ነው፤ ነጩና አገሬው ሲዋደዱ፣ ሲኳረፉ፣ ሲለያዩ የሚያሳዩትን። የአገሩን ቋንቋ ጥርት አድርጋ ትናገራለች፤ ብቻ ዜና የምታነብ ነው የሚመስለው። ሬዲዮ አፉን ቢከፍት ነፍሱ ልትወጣ ነውና፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ዝም ብሎ መነጽሯን ጠገነላት።

"በዓይንህ ውስጥ የጥንት ሐዘን አለ" አለችው።

እህቱ ሳቋን ለመዋጥ መደርደሪያውን መወልወል ያዘች። የጥንት ሐዘን! የመንጋጋ ጥርስ ነዋ!

ጥርሱ በማግስቱ ተነቀለ። ዝምታው ግን ባለበት ቀረ፤ ምክንያቱም ፈረንጇ ተመልሳ መጥታ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሰጠችው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ የአገሬው ሐኪም አለ። አይስቅም፣ አይቆጣም፣ ቆሞ ኮረብታ ያያል። የአገረ ገዢው ልጅ በፍቅሩ ልትሞት ነው። "ቁርጥ እሱን ነህ" አለችው ፈረንጇ። በቃ! ሬዲዮ በመዝገበ ቃላት እየተንተባተበ መጽሐፉን ማንበብ ያዘና ሐኪሙን ሆኖ ቁጭ አለ። አንገቱ ድረስ የሚቆለፍ ነጭ ሸሚዝ አሰፋ። ኳስ የሚያይበትን ቴሌቪዥን ከሱቅ አስወጣ። ኮረብታ በሰፈሩ ስለሌለ፣ ማዶ ያለውን የሲሚንቶ መጋዘን በሐዘን ያይ ጀመር። ፈረንጇም በየጊዜው እየመጣች፣ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ መጻሕፍቷ ታወራዋለች።

"እትዬ፣ እሷ ስትመጣ እባክሽ አትቀልጂ" ይላታል ደግሞ።

"እሺ የኔ ጌታ! ላልቅስ?"

ፈረንጇ ለእህትየውም ቦታ አላጣችላትም። "እርስዎ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና የምትመለከተዋን መበለት ይመስሉኛል" አለቻት አንድ ቀን፣ እጇን በአክብሮት ይዛ።

"መጋረጃው የዓይን መመርመሪያ ነው" አለች እህት። "ባሌም አልሞተም፤ ይኸውልሽ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት እየቆረጠ ነው።"

ፈረንጇ ይህንንም ጥልቅ ነገር መስሏት ራሷን ነቀነቀች። እህት ቆሽቷ አረረ። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ትቶ ከሞተ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ ሰው የሚፈልግ? የሷ ወንድምስ፣ ያንን ሁሉ ጨዋታ ውጦ የሌላ ሰው ሐዘን ተውሶ የሚዞር፣ ምን ነካው?

የነካው ፍቅር ነበር፤ ይህን ያወቀችው ፈረንጇ ታማ የቀረች ሰሞን ነው። ሬዲዮ ሌንስ በሌንስ ላይ ሰበረ። ምሳ አልበላም አለ። ማንም በሌለበት፣ ለማንም ሳያስመስል፣ መሞረጃው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያን ጊዜ አንጀቷን በላት።

"ቅዳሜ ልጠይቃት ነው" አላት ፈረንጇ ከዳነች በኋላ። "እንድታገባኝ።"

"ማንን ነው የምታገባው? አንተን ወይስ ሐኪሙን?"

"እትዬ ሙች፣ ከእሷ ሌላ ሕይወት የለኝም።"

"መጽሐፉስ እንዴት ነው የሚያልቀው? ይጋባሉ?"

ሬዲዮ አንገቱን አከከ። "ግማሹ ላይ ነኝ። እንግሊዝኛው ይከብዳል። ግን በጣም የሚያምረው ቦታ ላይ ደርሻለሁ፤ ኮረብታው ላይ እጇን ይዟታል።"

"ወይ ጉድ! ሰው ጨርቅ እንኳ ሲገዛ ዳር ዳሩን ገልብጦ ያያል! ጨርሰህ አንብበው እንጂ፣ አንተ ከንቱ!"

አላነበበውም። ቅዳሜ ግን ደረሰ። እህት እያጉረመረመች ሱቁን ወልውላ፣ አበባ ገዝታ፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ጠበቀች። የጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ እንኳ በበሩ ብቅ ብሎ "ሠርጉ መቼ ነው?" ብሏታል።

ፈረንጇ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ ገባች። "ጥናቴን ጨርሻለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ" አለች። "ሁለታችንም ከመጀመሪያው እናውቀው ነበር። ዓለም አይፈቅድልንም።"

ሬዲዮ ኪሱ የከተተው እጁ ቀለበቱን እንደያዘ ቀረ።

"የትኛው ዓለም?" አለች እህት። "ሰፈሩ እንደሆነ ሠርጉ ራቀብን እያለ ነው። ቤተሰቦችሽ እንቢ አሉ?"

"እንቢ አላሉም። እናቴማ ፎቶውን አይታ 'ይዘሽው ነይ' ብላኛለች።"

"ታዲያ ማነው የከለከለሽ? አገረ ገዢው?"

ፈረንጇ ከልቧ አሰበች። አገረ ገዢ የለም። የሚከለክል ሕግ የለም። ድንጋይ የሚወረውር ሕዝብም የለም። "መጨረሻው ሁልጊዜ እንዲህ ነው" አለች ግራ እንደገባት። "በሁሉም መጻሕፍት ውስጥ ይለያያሉ። የሚያምረውም ስለሚለያዩ ነው።"

ሬዲዮ ክው አለ። ከዚያ ነጭ ሸሚዙን ከአንገቱ ፈታና አፉ ተከፈተ። "ቆይ፣ ቆይ! እኔ ሐኪም አይደለሁም እኮ! ኮረብታ አልወድም፣ ሳየው ያስተኛኛል! ሬዲዮ ነው የሚሉኝ፤ ስተኛ እንኳ አወራለሁ፣ እትዬን ጠይቂያት! አንድ ደንበኛ አለን፤ የሚስቱን መነጽር ተሳስቶ አድርጎ፣ አማቱ መስሎት የባንክ ዘበኛ ጉልበት ስሞ ተመልሷል። ዘበኛውም መርቆታል!"

ፈረንጇ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ በአፍንጫዋ እያንኮራፋች፣ መነጽሯ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቀች። እህት ይህን ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

"እንዲህ መሆንህን ለምን አልነገርከኝም?" አለችው፣ ዓይኗን እየጠራረገች።

"ብነግርሽ ትቀሪ ነበር?"

"አላውቅም። አንተን እኮ አላውቅህም።"

"ቅሪና እወቂኛ! ዛሬውኑ እንጀምር!"

ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። "ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠህ ሌላ ሰው ስትሆንልኝ ከረምክ። የነገርኩህን ሁሉ ለማን ነበር የምነግረው?" አለች። የእህቱን ጉንጭ ሳመች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች።

እህት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች። "ኤዲያ! መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት! ተዋሸሁ ትበል ደግሞ? በመጀመሪያ አንተን መች አየችና! መጽሐፍ ነው ያየችው! ከነማዕረጓ፣ ከነምርምሯ፣ ሰው ማየት ያቃታት ዕውር!"

"እውነትሽን ነው" አለ ሬዲዮ ቀስ ብሎ።

ይህን ሲላት ይባስ ተናደደች፤ ምላሷም ዞረበት። "አንተስ ብትሆን? ያን ሳቋን ታውቀው ነበር?"

"አላውቀውም።"

"እህት ወንድም አላት?"

ሬዲዮ በሩን አየ።

"ስለ መጽሐፍ ካልሆነ ስለ ምን ማውራት ትወዳለች? ምን ያናድዳታል? ለመሆኑ አገሯ ውስጥ የማን ልጅ ናት? በል እንጂ፣ አንተ ወሬኛ! ያለሷ ሕይወት የለኝም ስትለኝ አልነበር?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ እትዬ" አለ።