በሁለት ሉሆች መጋጠሚያ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ምላጭ» ነው የሚላት። ወረቀት ስለምትቆርጥ ነው የሚሉ አሉ፤ አንዴ አፍ ለአፍ የገጠማት ሰው ግን ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ከትልቁ ማተሚያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለመጠቅለያ ይሁን ብሎ የጣላቸውን አሮጌ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ህዳጋቸውን ቆርጣ፣ ሉህ ከሉህ አጋጥማ፣ ግድግዳውን ሞልታዋለች። ያስተማራት የለም። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን፣ ጥቁሯ ነጥብ ቤት መሆኗን ራሷ ነች ከሉሁ ግርጌ ለቅማ ያወቀችው። «እኔን ያስተማረኝ ዓይኔ ነው» ትላለች፤ የተማረ ሰው በአጠገቧ ካለፈ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አክስቷ አያቷን ይዛ መጣች። አክስቷ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ሰው ስታይ መጀመሪያ የሚታያት በሽታው ነው። አያቷ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በገጠሩ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ካርታሽን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለች አክስቷ፣ ለአባቷ ወንበር ላይ የተከመረውን የወረቀት ቁርጥራጭ እያነሳች። «አባዬ፣ በል ንገራት።»

«ምኑን ነው የምነግራት? ድልድይ ነበር፤ አለቀ።»

«የቱ ጋ አባባ?» አለች ምላጭ።

«ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ላይ ነዋ! የድንጋይ ድልድይ፣ ሁለት ቅስት ያለው። ልጅ ሆኜ በሱ ላይ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ለሥራ ርቄ ሄጄ ከዓመታት በኋላ ስመለስ ጎርፍ ወሰደው አሉኝ።»

«ማን ነው ያለህ?» አለች አክስቷ።

«የሞቱት ናቸው። በሕይወት ያሉትማ ይስቁብኛል።»

አክስቷ ምላጭን እጇን ይዛ ወደ ማተሚያው ጎተተቻት። ማሽኑ እየጮኸ ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንዙን ወርጄ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጎርፍ ቢወስደው እንኳ እግሩ ይቀራል አይደል? አንድ ጥርብ ድንጋይ የለም! ባለፈው ምድጃውን ለኩሶ ረስቶት ሄደ፤ እሱስ ይሁን፣ እኔም እረሳለሁ። የረሳ ሰው ሰው ነው። ያልነበረ ነገር የሚያስታውስ ሰው ግን ብቻውን አያድርም። የዕቃ መጫኛ መኪና ለነገ ተነጋግሬያለሁ። ከኔ ጋር ይኖራል።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ አያቷ ከወዲያ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ርግብ ነው። እኔ እግር አለኝ።»

«አባዬ፣ እንዲህ አድርገን ነው የተስማማነው። ካርታው ላይ ድልድይህ ካለ መኪናውን እመልሰዋለሁ። ከሌለ ደግሞ ያለ ጭቅጭቅ ትመጣለህ።»

«ተስማምተናል» አሉ አያቷ። እንደሚያሸንፍ ሰው ነበር የተቀመጡት።

ምላጭ ደስ አላት፤ ሰው ካርታዋን ዳኛ አድርጎ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ጣቷን መንደሩ ላይ አሳረፈች፣ ቁልቁል ወረደች፣ ሰማያዊውን መስመር ይዛ ከሉህ ወደ ሉህ ተሻገረች። ወንዙ አንድም ቦታ ሳይበጠስ አምሮ ተጋጥሟል፤ ያን መጋጠሚያ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ደክማበት ነበር። ደጋግማ ሄደችበት፤ ድልድይ የሚባል የለም።

«የለም አባባ» አለች። «ካርታ ደግሞ አይዋሽም።»

አያቷ ተነስተው መነጽራቸውን አደረጉና ግድግዳውን ብዙ ቆመው አዩት። ለሰው ቃል መልስ የማያጡ ሰው ነበሩ። አሁን ግን መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ካልሽ» ብቻ አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ደረጃውን በእግራቸው ፈለጉት፤ ሲገቡ እንደዚያ አልነበሩም።

ምላጭ ከሰዓት በኋላ የሠርግ ባነር ስታትም ዋለች። ልቧ ግን ከባነሩ አልነበረም። ካርታው አይዋሽም፤ አያቷም ዋሽተው አያውቁም። ታዲያ ሁለት እውነተኞች እንዴት ይጣላሉ? ሙሽሮቹን በማሽኑ ላይ ትታ ወደ ግድግዳው ተመለሰች። አሁን ድልድይ ፍለጋውን ትታ መንገድ መፈለግ ያዘች። ሰው ድልድይ የሚሠራው ለመንገድ ነዋ!

አገኘችውም። ከመንደሩ የወጣ የተቆራረጠ መስመር ወደ ወንዙ ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ የሁለቱ ሉሆች መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ። ውሃው ጋ አልደረሰም፣ አልታጠፈም፤ በቃ አለቀ።

«መንገድ ሰማይ አይወጣም» አለች ለራሷ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ሉሆቹን ስታጋጥም ወንዙ እምቢ ብሏት ነበር። በአንዱ ሉህ ላይ የሚወጣው በአንድ ቦታ፣ በሌላው ላይ የሚገባው በሌላ ቦታ ነበር። ያን ጊዜ ወረቀቱ በእርጥበት ተኮማትሮ ነው ብላ፣ አዲሱን ሉህ አሮጌው ላይ ደርባ ሰማያዊው ከሰማያዊው እስኪገናኝ ገፋችው። የከፍታ መስመሮቹ በዚያ ቦታ ተዛነፉ፤ እሱን ማን ያያል ብላ ተወችው። ለወንዙ ውበት ስትል አንድ ጣት ስፋት ያለው አገር ከሥር ቀብራ ነበር።

ለስቲከር ማላቀቂያ የምትጠቀምበትን ፀጉር ማድረቂያ አምጥታ ማጣበቂያውን አሞቀች፤ እንዳይቀደድባት ትንፋሿን ይዛ ጠርዙን ገለጠችው። ከሥር የአሮጌው ሉህ ወንዝ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የተቋረጠው መንገድ ቀጥሎ እዚያ ወንዝ ላይ ይደርስና፣ ሁለት ትናንሽ ቅንፎች ጀርባ ተሰጣጥተው ያሳልፉታል። የድልድይ ምልክት። ግርጌያቸው ላይ እንደተጻፈው፣ ሁለቱ ሉሆች የተለኩበት ዘመን የተለያየ ነው፤ በመሀላቸው ጎርፉ መጥቶ ሄዷል።

«ድልድዩን አልወሰደውም!» ብላ ጮኸች። «ወንዙን ነው የወሰደው!»

ደንበኛው ባነሩን ሊወስድ መጥቶ ቆሞ ነበር። «እህቴ፣ ሙሽሪት ላይ መስመር ወጥቷል» አላት።

«እንኳን ደስ አላት» አለችና ድጋሚ አተመችለት።

እሑድ ጠዋት መንደሩ ስትደርስ አልጋውና ቁምሳጥኑ መኪናው ላይ ወጥተዋል። አያቷ ከዕቃው እንደ አንዱ ሆነው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«አራግፉት!» አለች ምላጭ ከሩቅ።

«ካርታ አይዋሽም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች አክስቷ።

«ካርታውማ አልዋሸም። እኔ ነኝ አፉን የያዝኩት። ነይ ብቻ። አባባ፣ እርስዎም ይነሱ።»

ሉሁን ዘርግታ ከፊት ቀደመች። ቁልቁለቱን እንደጨረሱ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ አክስቷ ቆመች። «ወንዙ በዚያ ነው!»

«እሱ የዛሬው ነው። እኛ የድሮውን ነው የምንፈልገው።»

በእርሻው መሀል ረጅም፣ ዝቅ ያለ ሜዳ ተጋድሞ ነበር፤ ውሃ ባይኖርበትም የውሃ ቅርፅ አለው። መጨረሻው ላይ ቁጥቋጦ የዋጠው ጉብታ አለ። ምላጭ ቅርንጫፉን ስትገልጥ ፍየል ጮኸባት።

«ማን ነው ፍየሎቼን የሚነካ?» አለች አንዲት ሴት ከማሳው ብድግ ብላ።

«ድልድይ እየፈለግን ነው እናቴ።»

«የምን ድልድይ? የፍየሎቼ ቤት ነው!»

አንደኛው ቅስት እስከ ትከሻው ደለል ውስጥ ተቀብሯል። ሁለተኛው በአጥር እንጨት ተዘግቶ፣ ከውስጥ ቢጫ ዓይኖች ያዩዋቸዋል። አያቷ አላለቀሱም። ጥርብ ድንጋዩን በመዳፋቸው እየደባበሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱና ግራ ተጋብተው ዞሩ።

«እንዲህ ጠባብ ነበር እንዴ?» አሉ።

አክስቷ ድንጋዩን አየች፤ አባቷን አየች። አንድ ቅጠል በጠሰች፤ ጣቷ ላይ አሸችው። «ምድጃውስ?» አለች በመጨረሻ።

«ምድጃውን ረስቼዋለሁ። እሱን አልክድም።»

አክስቷ ስልኳን አወጣች። «ሹፌር፣ አውርደው። አዎ፣ ሁሉንም። ቁምሳጥኑ ይቆይ፣ አልጋውን መጀመሪያ... አይ፣ ሐሳባችንን ቀይረን ነው።» ስልኩን ሳትዘጋ ወደ አባቷ ዞረች። «ራሱን የሚያጠፋ ምድጃ ግን አመጣልሃለሁ፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።»

«ከፈለግሽ የሚዘፍን አምጪ» አሉ አያቷ።

ባለ ፍየሏ ሴት ጉብታውን እየዞረች ታየው ጀመር፤ በየቀኑ የምትከፍተውንና የምትዘጋውን ቤት ገና ዛሬ እንደምታይ። «ቆይ እንጂ» አለች፣ «ድልድይ ከሆነ፣ ወንዙ ታዲያ በየት አቋርጦ ነው እዚያ የሄደው?»

ምላጭ ሉሁን ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው። ነፋስ ሲያነሳው አያቷ አንዱን ጫፍ፣ ሴትዮዋ ሌላውን ያዙላት። ጣቷን በሰማያዊው መስመር መነሻ ላይ ስታሳርፍ አክስቷ መጥታ በትከሻዋ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች፣ «መጀመሪያ የኛን ቤት አሳዪኝ።»