ቫዮሊን ሰምቶ የወጣው ሥራ አስኪያጅ

ዓሣው ቫዮሊኑን ሰምቶ ወጣ። እየቀለድኩ አይደለም። አንዴ ቢሆን እሺ፣ አጋጣሚ ነው ትሉኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ነው እኮ የወጣው። ሃልቫር ሲጫወት ይወጣል፣ ሲያቆም ይጠፋል፣ እንደገና ሲጀምር እንደገና ከች። ክንዴን የሚያህል፣ ትራውት የሚሉት ዓሣ፣ ሆዱ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለው። ሁሉንም ደግሞ ቀርጬዋለሁ፣ እኔ ራሴ፣ ካሜራው ሳይንቀጠቀጥ። እሺ፣ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። እና ለማንም ማሳየት አልችልም። ወይ ደግሞ እችላለሁ። ያልገባኝ እሱ ነው፤ እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ፣ ለዛ ነው የምጽፍላችሁ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ፣ ስሙ የርከር ነው፣ ጊታር ይጫወታል። የባንድ ጓደኛው ሃልቫር ቫዮሊን። ቬንዴላ ትልቁን ባስ ትጫወታለች፣ ዘፋኟም እሷው ናት። በበረዶው ወራት ሠርግና ጭፈራ ሲያሟሙቁ ከርመው ሐምሌ ሲገባ ሻንጣቸውን ተሸክመው ተራራ ላይ ይጠፋሉ፣ ዓሣ ለማጥመድ። በትል ምናምን አይደለም፤ ከላባና ከክር በተሠራች የውሸት ዝንብ ነው፣ ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ ለስለስ ብላ እንድታርፍ አድርገው ይወረውሯታል። የያዙትን ዓሣ መልሰው ይለቁታል። ያንን ሁሉ ቀርጸው፣ የራሳቸውን ሙዚቃ ጨምረው፣ መስከረም ላይ መጀመሪያ በመንደራችን አዳራሽ ያሳዩታል፣ በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ይለቁታል። ሃምሳ ምናምን ሺህ ሰው ያየዋል። ዘፈናቸውን ከሚሰማው ሰው ዓሣቸውን የሚያየው ይበልጣል፣ ይሄ ነገር ቬንዴላን ያበግናታል።

ሁልጊዜ የሚቀርጸው የአባቴ ወንድም ነበር። ዘንድሮ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነና ካሜራው እኔ ጋ መጣ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስሜ ቱቫ ነው፣ ካሜራውን የተረከብኩ ቀን ከደስታዬ ብዛት አብሬው ነው የተኛሁት። ሲሰጡኝ ሁለት ሕግ ነገሩኝ። አንደኛው፣ ካሜራ የያዘው ሰው ስለቀረጸው ነገር የመጨረሻው ቃል የሱ ነው፤ ይግባ ካለ ይገባል፣ ይውጣ ካለ ይወጣል፣ ማንም አይከራከረውም። ሁለተኛው፣ ተራራ አይቀረጽም።

ለምን በሉኝ። ዓሣ አጥማጅ የሌላውን ሰው ውሃ እንዴት እንደሚሰልል ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ፊልሙን ያቆሙታል፣ ከኋላ ያለችውን የተራራ ጫፍ ከካርታ ጋር ያስተያያሉ፣ በቃ፣ አገኙት። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ራሱ ለአንድ ቀን ካሜራ ይዞ የአንድ ኮረብታ ጫፍ ለአራት ሰከንድ አስገባ። አራት ሰከንድ። በሚቀጥለው ሐምሌ ስንሄድ ሐይቁ ዳር ሃያ ስድስት ድንኳን ቆጠርን። አሁን እዛ ዓሣ የሚባል ነገር የለም፣ የቢራ ጣሳ ነው የሞላው። አባቴ ስለዛ ሐይቅ አያወራም።

የአሁኑን ሐይቅ የሰጠችን አስታ ናት። ጎረቤታችን ናት፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ። ባሏ ኤቫልድ አርባ ዓመት ብቻውን ሲያጠምድበት የኖረ ሐይቅ ነው። እሱ ሲሞት አባቴን ጠርታ ካርታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችለትና፣ አይቶ ሲጨርስ ምልክቱን በላጲስ አጠፋችው። እኛም ስሙን አንጠራውም፤ "ቢሮ" ነው የምንለው። ሰው ስልክ ደውሎ የት ናችሁ ሲለን ቢሮ ነን እንላለን። እዛ የሚኖረው ትልቁ ትራውት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው። ኤቫልድ አይቶታል፣ እሱን ባይሆን አባቱን። እኛ ሁለት ዓመት ተመላልሰን ጭራውን እንኳን አላየንም። ሃልቫር፣ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው ይላል።

እሺ። አራተኛው ቀን።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር፣ አሥር ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ንፋስ የለም፣ ውሃው መስታወት ሆነ፣ ትንኞቹ በሉን። አባቴ የማጥመጃ ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓሣ ንቅንቅ አላለለትም። ቬንዴላ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ መጥበሻ ላይ ታሞቃለች። ሃልቫር ሰለቸው። ቫዮሊኑን ከመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አወጣው (ከልብሱ ይልቅ እሱን ነው ከዝናብ የሚያስጥለው)፣ ውሃው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ አያቱ ያስተማሩትን የድሮ የሠርግ ማርሽ ጀመረ። ሃልቫር ሲጫወት በቦቲው ይመታል፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አርባ ስድስት ቁጥር ነው የሚያደርገው፣ ድንጋዩ ያሳዝናል።

እኔ ዝም ብዬ ነበር የምቀርጸው፣ ዜማው ደስ ስላለኝ። ከዛ ከጀርባው ውሃው ላይ ክብ ወጣ። ከዛ ራስ። ከዛ ጀርባ፣ ረጅም፣ ጀርባው አያልቅም፣ በዝግታ እንደ መርከብ ዞሮ ገባ።

"አየሽው?" አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።

"እየቀረጽኩ ነው፣ ዝም በል።"

ሃልቫር ደንግጦ ሲያቆም ውሃው ፀጥ አለ። ጠበቅን። ምንም። አባቴ በእጁ ቀጥል ቀጥል አለው፣ ሃልቫር ቀጠለ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። አቆመ፣ ጠፋ። ጀመረ፣ ወጣ። ቬንዴላ ሥጋው ማረሩን ረስታ ቆማለች፣ ከዛ ቀስ ብላ "የርከር፣ ዘንግ ይዘሃል እኮ" አለችው። እውነቷን ነው፣ ረስቶት ነበር። ወረወረ። ዝንቧ በጣም ነው አምራ ያረፈችው። ሥራ አስኪያጁ በአጠገቧ አልፎ ሄደ፣ ልክ መንገድ ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ሲሰጡት ሳይቀበል እንደሚያልፍ ሰው።

ከዛ ክርክር። አባቴ ዝንብ ከውሃው እየተፈለፈለ ይሆናል አለ፤ አንድም ዝንብ አላየንም አልነው። ሃልቫር ጥሩ ሙዚቃ ያውቃል ብሎ ደረቱን ነፋ። ቬንዴላ ደግሞ ቦቲው ነው አለች፤ ድንጋዩ እስከ ውሃው ሥር ይገባል፣ ሲመታው ከሥሩ ያሉት ትላትሎች ተነቃንቀው ይወጣሉ፣ ዓሣው ለነሱ ነው የመጣው። እንዴ፣ ይሄ ያስኬዳል አይደል? ግን ደግሞ ቫዮሊኑም ድንጋዩ ላይ በቆመ ሰው በኩል ይርገበገባል። ዓሣ ጆሮ አለው? አለው አሉ፣ ውስጡ። እንግዲህ የቱን ነው የሰማው?

ድንኳን ውስጥ ገብተን ፊልሙን ስናየው ነው ጉዱ የወጣው። ከሃልቫር ጀርባ ተራራው ቁጭ ብሏል። ተራራ ስላችሁ ዝም ብሎ ተራራ አይደለም፣ የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ሰው መሃሉ ላይ ክፍተት ያለው፣ በአገሩ ሁሉ የሱ ቢጤ የለም። እኔ ዓሣውን ሳይ እሱን ረሳሁት። አባቴ አልተቆጣኝም። አለመቆጣቱ ነው የባሰው።

ከላይ ቁረጪው በሉኝ እስቲ። ቆረጥኩት። ውሃው መስታወት ነበር አላልኳችሁም? ተራራው ከነወለቀ ጥርሱ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ አለ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሚወጣው ልክ በክፍተቱ ነው። አደብዝዢው በሉኝ። ካደበዘዝኩት፣ አያችሁ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ነው ይሉናል፣ ማን ያምናል?

ቀኝና ግራውን መገልበጥም አለ። ተራራው በመስታወት እንደታየ ይሆናል፣ ካርታ ላይ አይገኝም። ግን ሃልቫርስ? ገልብጬ ሳየው የቫዮሊኑን መምቻ ቀስት በግራ እጁ ይዟል። ሃልቫርን በቀኙ ሲጫወት ያላየ ሰው አገር ውስጥ የለም። ሰላዮቹ በአንድ ደቂቃ መልሰው ይገለብጡታል።

እና ሃልቫር ምን ቢል ጥሩ ነው፣ በጣም ኮስተር ብሎ፣ ነገ በግራዬ እጫወታለሁ አለ። ሲገለበጥ ቀኝ ይመስላል። ሁላችንም ጎበዝ አልነው። እንዴት እንዳመንነው አላውቅም፣ አራት ቀን ተራራ ላይ ስትሆኑ እንዲህ ያደርጋችኋል።

በማግስቱ እንደዛው ፀጥ ያለ ነበር። ሃልቫር እዛው ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ቀስቱን በግራ ያዘ፣ ጀመረ። ጓደኞቼ፣ ድምፁ ጭራዋን በር የያዘባት ድመት ነው። ቬንዴላ መጥበሻውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሥራ አስኪያጁ አልወጣም። ሃልቫር ቫዮሊኑን አወረደና "አላልኳችሁም? ጣዕም ያውቃል" አለ፣ በኩራት ነው ደግሞ።

እኔም ስቄ ነበር። ቤት ገብቼ ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን ሳያቸው ግን አንድ ነገር አየሁ። በግራው ሲጫወት ጣቶቹን ሲያሳድድ ጊዜ አጥቶ በእግሩ አልመታም። አንዴም። ቦቲው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ አሁንም አናውቅም ማለት ነው፤ ቦቲው ይሁን፣ ዜማው ይሁን፣ ሁለቱም ይሁን። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጣሁ።

ከማሳየቴ በፊት አስታ ማየት አለባት ብዬ ትናንት ቤቷ ሄድኩ። ዋፍል ጋግራ ጠበቀችኝ፣ መነጽሯን ጠርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ሲወጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ሁለተኛ ሲወጣ አፏን በእጇ ያዘች። ሦስተኛ ሲወጣ ድገሚው አለችኝ። አራት ጊዜ ደገምኩላት።

ከዛ ነገረችኝ። ኤቫልድ አርሞኒካ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ፣ ድግስ ላይ፣ እኔ አርሞኒካ ስነፋ ትልቁ ዓሣ ይወጣል ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዛ በኋላ በገባ ቁጥር አንዱ ተነስቶ፣ ኤቫልድ፣ ዛሬስ ዓሦቹ ጨፈሩ? ይለዋል። እንዲህ እያሉት ሃያ ዓመት። ሁለተኛ አዳራሹ ውስጥ አርሞኒካ አልነፋም።

"እኔም ስቄበታለሁ፣ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

እኔ ያው የኔን ነገር ጠየቅኳት፤ ሲነፋ በእግሩ ይመታ ነበር? አስታ ዕንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ተነሳች፣ መስኮቱ ሥር ያለውን የኤቫልድን ወንበር ገፋችው፣ ምንጣፉን በእግሯ ገለጠችው። የወለሉ ላስቲክ ላይ የተረከዝ ቅርጽ ያላት ጉድጓድ አለች፣ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ የተበላች። ጣቴን አስገባሁባት።

ከዛ ቁጭ አልንና ጠየቅኳት፣ ቅዳሜ ፊልሙን አዳራሹ ውስጥ ላሳየው ወይስ ልተወው?

"አዳራሹ ሙሉ ሰው ኤቫልድ እንዳልዋሸ ሲያይ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። "ሐይቁንም ማንም እንዳይነካው እፈልጋለሁ። እሱ ትቶልኝ የሄደው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው።"

"የቱ ይበልጣል?"

"ባውቅ ዋፍል አልጋግርልሽም ነበር። ካሜራ የያዘው ነው የሚወስነው አሉ።"

አባቴ ጋ ሄጄ አንተስ ምን ትላለህ ስለው፣ እኔ አራት ሰከንድ አስገብቼ ምን እንደመጣ አይተሻል አለኝ፤ ከዛ ሕጉ ሕግ ነው፣ ያንቺ ነው ብሎ ጊታሩን ማስተካከል ቀጠለ።

አዳራሹ ውስጥ ብቻ አሳይተሽ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቂው እንዳትሉኝ። ያ ተራራ የት እንደሆነ ከኛ መንደር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፊልሙ ሳያልቅ ስልካቸውን ያወጣሉ፣ እሑድ ጠዋት ግማሾቹ ቢሮ ገብተዋል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ሁለት ፊልም ሠርቻለሁ። በአንዱ ላይ ሁሉም አለ፣ ተራራው፣ ሃልቫር፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሦስቱም ጊዜ። በሌላው ላይ እዛ ቦታ ስንደርስ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ቫዮሊኑ፣ ጧ ጧ ጧ፣ ውሃው ሲሰነጠቅ፣ ከዛ አባቴ "አየሽው?" ሲል። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ፀጉሬ ይቆማል። ግን እኔ ስላየሁት ነው። ያላየ ሰው ቢስቅስ? አስታ እኮ መሃላቸው ነው የምትቀመጠው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የሰርጓን የብር ጌጥ አድርጌ እመጣለሁ ብላኛለች።

በናታችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ታሳያላችሁ?